ባናውን ከአልጋ ስር አውጡት

ደሴ ሰው ቤት ስትገቡ ሳሎኑ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አረቢያን መጅሊስ፣ ቡፌ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ መሃል ላይ ደግሞ ከጂዳ ወይም ከዱባይ በካርጎ የመጣ ቀይና ወርቃማ ምንጣፍ። እህት ናት የላከችው፣ ወይ ልጅ። ስለዚህ ክፉ መናገር ይከብዳል፤ ሰው አገር ለፍታ የላከችውን ዕቃ አያምርም አይባልም፣ እኔም አልልም። የምለው ሌላ ነው። እዚያው ቤት፣ አልጋ ስር ወይም ቆጥ ላይ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ባና፣ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አለ። አያት የለበሱት፣ ምናልባትም ቅድመ አያት ያሠሩት። ሳሎኑ መሃል መነጠፍ ያለበት እሱ ነው።

ባና ምን እንደሆነ ለቆላ ሰው በአጭሩ ልንገር (ኮምቦልቻዎች አትቀየሙኝ፣ 1,850 ሜትር ላይ ሆናችሁ ባና ምን ያደርግላችኋል)። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኛ በላይ ደግሞ ለጋምቦ አለ፣ ደላንታ አለ፣ ዋድላ፣ መቄት፣ ግዳን አሉ፤ እዚያ ብርዱ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። በጉም ለብሶ ነው የሚኖረው። የሰሜን ወሎ ደጋ ጥቁር በግ ከላይኛው ጠጉሩ ስር ሌላ ሱፍ አለው፣ የመንዝ በግም ባለ ሱፍ ነው፤ መንዞች ከሱ የሚሠሩትን ዝተት ይሉታል። ሱፉ ሻካራ ነው፣ ለሹራብ ቢሆን አንገት ያሳክካል። ለወለል ግን ሻካራው ነው የሚሻለው፤ ለስላሳ ሱፍ ሲረገጥ ቶሎ ያልቃል፣ ይኼ ግን እግርን ይችላል።

ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ከዚያ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውርበታል። መፍተሉ ነው ጊዜ የሚበላው፤ ስለ ሽመና ሲወራ ግን ፈታይዋን የሚያነሳ የለም፣ ሁሌም ይገርመኛል። ቀለሙ በብዛት የበጉ የራሱ ነው፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ዳለቻ። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባና ወጥ ሆኖ አይወጣም፣ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። መሃሉ ላይ ያለውን ስፌት አይታችሁ "ተቀዶ ነበር እንዴ" አትበሉ፤ ሲፈጠርም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ከረጢቱ። እናቴ ባናዋን ለዓመታት አስራ አስቀምጣው ነበር።

"እማ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚነጠፈው?"

"አንቺ ስታገቢ ነዋ!"

እኔ ሳላገባ ብሉ ሠርጉን በላው። ከረጢቱ ሲፈታ አንዱ ጥግ ወንፊት ሆኗል። የብዙ ቤት ባና እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ በመረገጥ ሳይሆን በመቀመጥ። የምትበረዋ ትንሽ ነገር ሱፍ አትበላም፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚበላው ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው። ትሉ ደግሞ ጨለማ ይወዳል፣ የማይነካካው ቦታም ይፈልጋል፤ ማለትም የታሰረ ከረጢት። ሰው የሚቀመጥበት፣ በየጊዜው የሚራገፍ፣ ብርሃን የሚያገኝ ባና ላይ ብል አይበረታም። ከሶፋ ስር የገባውን ጫፍ ብቻ እያያችሁ አንዳንዴ አዙሩት። እናቶቻችን በወይራ ያጥኑታል፤ ሽታውን እወደዋለሁ፣ ነገር ግን ብሉን የሚያባርረው ማራገፉና ፀሐዩ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከብዙ ቤት ዕቃ ሄደ። ጎረቤታችን ቤት ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ተወስዶ ባናው ቀረ። "ይኼን ማን ይሸከማል ብለው ነው" ይላሉ እትዬ እየሳቁ። አሁን ቡና የምንጠጣው እሱ ላይ ተቀምጠን ነው።

ከቤት ባና የሌላችሁ አብሽሩ፣ አሮጌ ስጋጃ መግዛት ይቻላል። ሰልባጅ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ፣ ቤት ለቆ ከሚሄድ ሰው፣ አንዳንዴ ከወራሾች። ችግሩ ሁሉም ሻጭ "የእጅ ሥራ ነው፣ የጥንት ነው" ማለቱ ነው፤ ትናንት ከካርጎ የወረደውም የጥንት ነው። አትከራከሩ፣ ገልብጡት። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል የፊቱን ያህል በግልጽ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ትንሽ ይዛነፋሉ። ጀርባው በሙጫ ከተለበጠ ወይም ጨርቅ ከተለጠፈበት በእጅ የተቋጠረ አይደለም። ቀጥሎ ዘርፉን እዩ፦ የእጅ ሥራ ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፣ ከውስጥ የመጣ ነው፣ የማሽኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በኋላ የተሰፋ ነው። መሃል ላይ ቀይ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ሌላ ቀይ ከሆነ አትደንግጡ፣ ክሩ አልቆ በሌላ ጊዜ በተነከረ ክር ቀጥለውት ነው፤ እኔ እንዲያውም እንደዚያ ያለውን እመርጣለሁ።

ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከጠርዙ አንዲት ክር ነቅላችሁ በክብሪት ለኩሷት። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ እሳት ሲያይ ይደነግጣል። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ክብሪቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ዋጋ ላይ የምትከራከሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ስንት ዘመን ይቆያል ለሚል ሰው፣ ፓዚሪክ የሚባል ምንጣፍ አለ፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ውስጥ አልታይ ተራሮች ላይ በረዶ ከሞላው መቃብር የወጣ፣ ዕድሜው ከ2,200 ዓመት የሚበልጥ፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ያለ። ቀለሙ እንኳን አልጠፋም። እሱን ግን በረዶ ነው ያቆየው። እኛ ያለን ከረጢት ነው፣ ከረጢት ደግሞ እንዳየነው ነው።

እሺ፣ እንዴት ይነጠፍ? ወለላችሁ ሊሾ ከሆነ፣ ወይም ሴራሚክ፣ ባናውን በቀጥታ አታሳርፉት። ክረምት ላይ ሲሚንቶ ከስር እርጥበት ይስባል፣ ሱፍ ደግሞ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ ስትነኩት ደረቅ ይመስላችኋል። ሳታውቁት ይሻግታል። እኔ ከስሩ ሰሌን ነው የማደርገው። ሰኞ ባቲ ወርዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ደገኛውም ኦሮሞውም አፋሩም የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ሰሌን ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። አየር ያሳልፋል። ሰፋ ያለ ግዙና ጠርዙ ከባናው ወጣ ብሎ በዙሪያው ይታይ፤ ገለባ መሳዩ ቀለም ከጥቁሩና ከዳለቻው ሱፍ ጋር ሲሆን ግድግዳ መቀባት ሁሉ ያስረሳል። ሴራሚክ ላይ ሰሌኑ ራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ከስሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የጎማ መረብ አድርጉ፣ በተለይ አሮጊት ያለበት ቤት።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሽ ምንጣፍ ባዶ ሳሎን መሃል ብቻዋን ስትነጠፍ ከእናቷ ጋር ገበያ መጥታ የጠፋች ልጅ ትመስላለች። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ይረፉበት። ባናው ጠባብ ከሆነ ሁለት ጎን ለጎን አንጥፉ፣ አንድ ዓይነት ባይሆኑም ግድ የለም። መጋረጃውም ትራሱም ምንጣፉም አንድ ቀለም ይሁን የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሆቴል ያስመስላል። ገጠር ቤት ያላችሁ ደግሞ መደቡን አታፍርሱት! ባና የለበሰ መደብ ማንኛውም ሶፋ ሱቅ ውስጥ የለም።

የሳሳውን፣ መረገጥ የማይችለውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ሚስማር አትምቱበት ግን፤ ከላይ በጀርባው በኩል ረዘም ያለ ጨርቅ እንደ መቀነት ማስገቢያ አድርጋችሁ ስፉና ዱላ አስገቡበት፣ ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል። ቀለም የተነከረ ከሆነ ደግሞ ከመስኮት ትይዩ አይሁን፣ ፀሐይ ለሰዓታት ደህና ናት፣ ለዓመታት ግን ቀለም ትበላለች።

ቡና። ወሎ ቤት ውስጥ ምንጣፍ የሚፈተነው እዚህ ነው፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ፣ በቀን አንዴም አይደል። እርጥብ ቄጤማ ነጭ ሱፍ ላይ አረንጓዴ ይለቃል፣ ስለዚህ ቄጤማውን ሰሌኑና ሲሚንቶው ላይ ጎዝጉዙት፣ ረከቦቱም እዚያው ይሁን። ማጨሻው ላይ ፍም ፈንጥቆ ቢወድቅ ሱፍ እንደ ዋዛ አይነድም፣ ጠቁሮ ይቀራል፤ የካርጎው ምንጣፍ ግን ይቀልጣል። ቡና ከፈሰሰ አትሹት። ሱፍ ፈሳሹን ለጥቂት ጊዜ ከላዩ ያቆየዋል፣ በዚያች ደቂቃ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አስጠጡት። እንግዳው ይቅርታ ሲያበዛ "ምን ችግር አለው" በሉ፣ በእጃችሁ ግን ፍጠኑ።

ስለ መስገጃ አንድ ነገር። ካዕባ ወይም መስጊድ ያለበትን አሮጌ መስገጃ ያምራል ብላችሁ በር ላይ ወይም ጫማ በሚረገጥበት ቦታ አታንጥፉ። እኛ ጋ አንዱ ቤት ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘመድ አለ፣ ማንም ይኼን ማስተማር አያስፈልገውም፤ የምናገረው ከአዲስ አበባ መጥቶ "ዲኮር" ለሚገዛው ነው። ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል።

እጥበት ላይ አጭር ነኝ፦ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ሱፍን አኮማትሮ ያደነድነዋል። ደረቅ ቀን አውጥታችሁ አጥር ላይ ጣሉት፣ በዱላ ምቱት፣ አቧራው ይውጣ፣ ገልብጣችሁ ድገሙት። መታጠብ ግድ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና ትንሽ፣ ሳትጠመዝዙት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ከጥቅምት በፊት አትሞክሩት፣ ደሴ ክረምት ላይ ምን ይደርቃል?

አዲስ ማሠራት ለምትፈልጉ፣ ደጋው ላይ ሱፍ የሚሠሩ ሸማኔዎች አሁንም አሉ፣ ገበያ ቀን ጠይቁ። ሳይነከር በበጉ ቀለም እንዲሠራላችሁ ንገሩት፤ ከተማ ሰው ደማቅ ይወዳል ብሎ አረንጓዴና ቢጫ ፋብሪካ ክር ሊያስገባላችሁ ይችላል፣ በቅንነት ነው። ፈትሉ ጠንከር ይበል በሉት፣ ለመልበስ ሳይሆን ለመርገጥ መሆኑን አስረዱት። ይስቅባችሁ ይሆናል፣ "ባና እየረገጣችሁ?" ይላችኋል፤ ይሳቅ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የክፍላችሁን ስፋት በክር ለክታችሁ ክሩን ይዛችሁለት ሂዱ፣ ምክንያቱም አያ ሸማኔው የሚለካው በክንድ ነው፣ የሳቸው ክንድ ደግሞ ከኔ ክንድ ጋር በፍጹም አይገናኝም።