ከጥቅሱ በፊት ያለው ቁጥር

ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ጎንደር አዘዞ በማገለግልበት ጉባኤ ለወጣቶች ፊልጵስዩስ 4፥13ን ሳስተምር «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ቃል ለፈተና ውጤት ማበረታቻ አድርጌ ተረጎምሁት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ቁጥር 12 ላይ የሚናገረው ግን ስለ መራብና ስለ መጥገብ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ጳውሎስ ይህን የጻፈው በእስር ሳለ፣ በማጣትም በማግኘትም መኖርን መማሩን ሲገልጽ ነው። ጥቅሱን በቃሌ እያወቅሁ ከበላዩ ያለውን መስመር ሳላስተውል ለማስተማር መቆሜ አሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲህ መልእክቱን፣ ያውም 4 ምዕራፍና 104 ቁጥር ብቻ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ ሳላነብ ስብከት ማዘጋጀት አልጀምርም። ጎንደር እየኖሩ ይህን መዘንጋት ደግሞ የባሰ ነው፤ በከተማችን በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ጉባኤ ቤት ያለ ተማሪ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ከየአቅጣጫው ሲመረምር ዓመታት ይቀመጣል። እኛ ወንጌላውያን በትርጓሜው ሁሉ ባንስማማ እንኳ ትዕግሥቱን ብንዋስ አይጎዳንም። (እኔ ዓመታቱን አልችልም፤ ማክሰኞ ማታ ግን ስልኬን አጥፍቼ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ።) ያቺ ልጅ ዛሬ የወጣቶችን ጥናት ከሚመሩት አንዷ ናት፤ ጥያቄዋ ግን አልቀነሰም።