ባልዲው ለሁለት ሲከፈል

ትናንት ማታ 20 ሊትር የሚይዘው የአልጌ ባልዲዬ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ክሎሬላን፣ ውሃ ውስጥ የምትኖረውን ባለ አንድ ሴል አረንጓዴ አልጌ፣ ማሳደግ ያን ያህል አይከብድም። ፀሐይ፣ ትንሽ ማዳበሪያና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይበቃል። ጭንቁ መሰብሰቡ ነው። ከአንድ ሊትር የሚገኘው ደረቅ አልጌ ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። አንዷ ሴል 5 ማይክሮሜትር ያህል ናት፤ 200 ተሰልፈው ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት። ስፒሩሊና የሚባለው ሌላው አልጌ እንደ ክር ስለሚረዝም ቀጭን ጨርቅ ይይዘዋል። ክሎሬላ ግን ከውሃው ጋር ሾልካ ታልፋለች። በኃይል አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጅ፣ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፣ መብራትም ይበላል።

ዝም ብለው ቢተዉአትም ቶሎ አትሰክንም። የሴሎቹ ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ፖዘቲቭ ነገር ሲገባበት ግፊያው ይረግባል፤ ተያይዘው እንደ ወተት ይጓጉላሉ። ፍሎኩሌሽን የሚሉት ይኼንን ነው። የጓጎለው ሲተልቅ ቶሎ ይወርዳል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ድፍርስ ውሃ የሚጣራበትን አሉሚኒየም ሰልፌት ነበር። ሠራ። በሚቀጥለው ቀን ብጨምርበት ይበልጥ ይፈጥናል ብዬ እጥፍ አደረግኩት። ውሃው እንደገና ደፈረሰ! ለካ ሲበዛ የሴሎቹ ገጽ ራሱ ፖዘቲቭ ይሆንና ተመልሰው ይገፋፋሉ። ደግሞም አሉሚኒየሙ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፤ ያንን ለዶሮዎቼ መስጠት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ወደ ሽፈራው ዞርኩ። ኮንሶዎች ቅጠሉን ቀቅለው የሚበሉት ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፕሮቲን አለ። ልጬ ወቀጥኩት፣ በውሃ በጥብጬ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። መጠኑን ለማግኘት የአልጌ ውሃ የያዙ ስድስት ብርጭቆዎች ደርድሬ በየብርጭቆው የተለያየ ልክ ጨመርኩ። ይህን ሳትሞክሩ ባልዲው ላይ አትድፉት፤ ልኩ በየምርቱ ይለያያል።

ከሁሉ በላይ ግን ያስተማረኝ ማማሰሉ ነው። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ እንዲዳረስ። ከዚያ 15 ደቂቃ በጣም በዝግታ። እጅ ከፈጠነ የተያያዘው ይበጣጠሳል። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ አረንጓዴ ነጥቦች ታዩኝ። ከዚያ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ እየተለቁ ሄዱ። ማማሰያውን አወጣሁና ጀበና እንደወረደ ቡና እንዲሰክን ተውኩት።

ጠዋት የጠራውን ውሃ በጎማ ቱቦ ቀስ ብዬ ቀዳሁት። ዝቃጩ አንድ ሊትር አይሞላም። ዛሬ በጨርቅ ላይ ዘርግቼ ጥላ ሥር አስጥቼዋለሁ። የተቀዳውን ውሃ ደግሞ ማዳበሪያ ጨምሬ ለሚቀጥለው ዙር መለስኩት።