ያቺ አንዲት ሲ

እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ከሜሪላንድ ትደውላለች። እነሱ ያኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ጥግ ቆሜ ነው የማወራት። ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሚያዝያ ሲገባ የሌላው ወሬ ሁሉ ቀረና አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፦ ማሙሽ የት ይማር?

ማሙሽ የምንለው ልጇን ነው። አሥራ ስምንት ሞልቶት፣ ቁመቱ የበር ጉበን እየነካ፣ ስሙ ግን ያው ማሙሽ ነው። ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ከቤተሰቡ ሕግ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ «አክስትህን ጠይቃት» ተባለ።

እማዬ ነገሩ ጨርሶ አልገባትም። «ሕግ ከሆነ ፍላጎቱ ሕግ ይግባ! ምን ያማርጣል?» አለች። በእኛ አገር ልክ ናት። እኛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ሕግ ገብተን፣ አምስት ዓመት ተምረን፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈን ኤልኤልቢያችንን እንይዛለን። አሜሪካ ግን ሕግ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ሌላ ነገር ተምሮ ዲግሪ መያዝ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሕግ። የመጀመሪያው ዲግሪ ታሪክ ይሁን ባዮሎጂ የሕግ ትምህርት ቤቶቹ አይመርጡም። እማዬ «ባዮሎጂ ተምሮ ጠበቃ?» ብላ ሁለት ቀን ሳቀችብኝ።

ማሙሽ እጅ ላይ ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ ስሙ የገነነ የግል ኮሌጅ ነው፤ እርዳታው ሁሉ ተቀንሶ ቤተሰቡ በዓመት 24,000 ዶላር ይሸፍን ብሏል። ሌላው ሰፈራቸው ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት፣ የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ። እዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል። መልስ የሚሰጥበት ቀን ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23።

እትዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው። ሆኖም «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ቅር አላት። «የእነ እከሌ ልጅ የት ገባ፣ የእኔ ልጅ ሰፈር ውስጥ! ሰው ምን ይለኛል?»

አልፈረድኩባትም። እኔንም ብሮሸር ሸውዶኝ ያውቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ የግል ኮሌጅ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎች ቆባቸውን ወደ ላይ ሲወረውሩ ያሳያል። የሕጉ ዕውቅና የታለ ብለን ስንጠይቅ ሪጅስትራሯ «ሂደት ላይ ነው» ትለናለች። ዓመቱ አለቀ፣ ሂደቱ አላለቀም። አባዬ ላም ሸጦ የከፈለው ብር ሙልጭ አለ፤ አንድም ክሬዲት ሌላ ቦታ አልተቆጠረልኝም። ከዚያ ቀን ቀን እየሠራሁ ስድስት ኪሎ ኤክስቴንሽን ገባሁ። ማታ ከክፍል ወጥቼ ቃሊቲ ቤቴ እስክደርስ ሦስት ታክሲ ነበር። ሳሪስ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ያለፈብኝን ወራጅ አልቆጥረውም። ግን የሰው ብር ሳይኖርብኝ ተመረቅኩ።

ስለዚህ ለማሙሽ ሁለት ሌሊት አነበብኩለት። በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ሂሳብ ሠራሁ። 24,000 በአራት ሲባዛ 96,000። ይሄ እንግዲህ ሕግ ገና ሳይጀመር ነው። የሞንትጎመሪው ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በዓመት የ24,000ው ሩብ ገደማ ቢሆን ነው። ፔል ግራንት የሚሉት የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ደግሞ አለ፤ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። የእትዬ ገቢ ታይቶ ብዙውን ሊሸፍን ይችላል።

ሕጉ ላይ ስደርስ ነው የደነገጥኩት። ድሮ የሕግ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪውን በሙሉ መበደር ይችል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር በላይ የለም። የቀረውን ከግል ባንክ ነው፣ ወይ ከኪስ። ኪሱ በመጀመሪያው ዲግሪ ካለቀ ምን ሊሆን ነው?

የሕግ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪ ሲመርጡም ስኮላርሺፕ ሲሰጡም አጥብቀው የሚያዩት ሁለት ቁጥር ነው። አንዱ ኤልሳት የሚባለው ፈተና፣ ከ120 እስከ 180 የሚታረመው። ሌላው ጂፒኤ። የኮሌጁ ስም አይረዳም አልልም፤ አንዳንድ በር ይከፍት ይሆናል። 96,000 ዶላር የሚያወጣ በር ግን አልታየኝም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ሕግ ሲያመለክት መምህራኑ የሚጽፉለት የድጋፍ ደብዳቤ። በሁለት ዓመቱ ግቢ ሲቀይር በደንብ የሚያውቀው መምህር ላይኖረው ይችላል። «ከኋላ አትቀመጥ፣ ጠይቅ፣ ቢሯቸው ሂድ» አልኩት። የሚዛወሩለትን ኮርሶችም ከመመዝገቡ በፊት አንድ በአንድ እንዲያጣራ አስማልኩት። በዚህ ጉዳይ ማንንም አላምንም።

እትዬ ቁጥሩን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ እንግዲህ» አለች፤ ማሙሽም ሞንትጎመሪ ተመዘገበ። ለሰው ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ባለፈው እሁድ ግን ማሙሽ ራሱ ስልኩን ተቀበላት። ድምፁ ቀዝቅዟል። «አክስቴ፣ ሃይስኩል እያለሁ ሞንትጎመሪ አንድ የሂሳብ ኮርስ ወስጄ ሲ አግኝቻለሁ። እሱም ይቆጠራል?»

ይቆጠራል። ኤልሳክ የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤቶቹን ማመልከቻ የሚያቀናብረው ድርጅት የመጀመሪያ ዲግሪ እስኪያዝ ድረስ የተገኘውን የኮሌጅ ግሬድ በሙሉ ይደምራል፤ ሃይስኩል እያሉ የተወሰደውንም ጭምር።

«ደግሜ ወስጄ ኤ ባመጣስ?»

«ሲዋ ከትራንስክሪፕቱ ካልጠፋች ሁለቱም ነው የሚቆጠሩት።»

ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ፣ እያሰላሁ ነው» አለ። «ከ120 ክሬዲት እሷ ሦስት ብቻ ነች። ሌላው በሙሉ ኤ ከሆነ 3.95 ይመጣል።»

ከኋላው እትዬ ተሰማችኝ፦ «አንተ፣ መጀመሪያ ሳህኑን እጠብ!»