ካስትሮና ሚሽን፣ ደሴ ሆኜ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ እህቴ ከሳን ፍራንሲስኮ በቪዲዮ ኮል ካስትሮን አዞረችኝ፣ የጌዮች ሰፈር የሚባለውን፣ የእግረኛ ማቋረጫው ራሱ በቀስተ ደመና ቀለም የተቀባ ነው። ካስትሮ መንገድ 575 ቁጥር ጋ ቆመች፣ የሃርቪ ሚልክ የካሜራ ሱቅ የነበረበት። ሰውየው ጌይ መሆኑን ሳይደብቅ በ1977 እ.ኤ.አ ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፣ በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ዝም አልኩ።

ከዛ ወደ ጎረቤቱ ሚሽን ወረደች፣ የላቲኖዎች ሰፈር፣ ግድግዳው ሁሉ ስዕል፣ ግን የቴክ ሰራተኞች ሲገቡበት ኪራዩ ሰማይ ነክቶ ስንቱ ቤተሰብ ለቆ ወጣ። እኛም እኮ ልጅ ሆነን አከራይ ሲጨምርብን እቃው በጋሪ ሲሄድ እማዬ ጀበናዋን አቅፋ ከኋላ በእግሯ ነበር የተከተለችው፣ ወላሂ ሆዴ ባባ። እህቴ «አብሽር» ብላኝ ካሜራውን ወደ ስዕሎቹ መለሰችው።