ኦርላንዶ በነሐሴ፣ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር

ነሐሴን የመረጥነው ሙቀቱን ወደን አይደለም። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ከኦገስት 10 ወዲያ ይከፈታሉ፣ የሜሪላንድ ልጆች ግን ወሩ እስኪገባደድ ቤት ናቸው። በዚያች ክፍተት፣ ኦርላንዶ ያለው የመዝናኛ ቦታ የዲዝኒ ወርልድ ወረፋም የቲኬት ዋጋም ከሐምሌው ይቀላል። ቅናሹ የሚከፈለው በላብ ነው፤ ጥላ ሥር 33 ዲግሪ፣ አየሩ እርጥብ፣ ጋሪ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ጉንጩ ቲማቲም መስሎ ይውላል። ከፍልሰታ ጾም ጋርም ይገጥማል፣ እሱን በኋላ። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከምንኖርበት ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ኦርላንዶ ከ850 ማይል በላይ ነው። ስልኩ 13 ሰዓት ይላል፤ ዳይፐር የሚቀየርለት ልጅ ካለ 16 በሉት። በ95 አውራ ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ የመጀመሪያው ፈተና የቨርጂኒያው ፍሬድሪክስበርግ የመኪና መጨናነቅ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የወጣ በባዶ መንገድ ያልፈዋል፣ ጎህ ቀዶ የወጣ ግን ቁርሱን እዚያው ቆሞ ይበላል። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ማደር ይበጃል። መንዳት የሰለቸው ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ የሚነሳው ኦቶ ትሬን የተባለው ባቡር አለለት፤ መኪናውን ጭኖ በ11 ሰዓት ይነሳና በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳል። መኪናው ግን እስከ 9 ሰዓት ገብቶ ማለቅ አለበት። እኛ ነዳን። ጆርጂያን ልጆቹ ተኝተው አለፍናት።

ያረፍነው ዲዝኒ ወርልድ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ኪሲሚ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየነው የአንድ ሌሊት ዋጋ 89 ዶላር ነበር። ስንደርስ በየሌሊቱ «ሪዞርት ፊ» የሚሉት የሆቴሉ ተጨማሪ ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያና ታክስ ተደራርቦበት 140 አለፈ። ሪዞርት የተባለው አንድ የመዋኛ ገንዳና አንድ የቡና ማሽን ነው። በዚህ አካባቢ ክፍል የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ደውሎ «ታክሱም ምኑም ተጨምሮ በጠቅላላ ስንት ነው?» ይበል፤ መልሱንም በኢሜይል ያስልክ። ልጆቹ ግን ያቺን ገንዳ ከሲንደሬላ ግንብ አስበልጠው ወደዋታል።

ቲኬት ላይ ዕድሜ ወሳኝ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው በነጻ ይገባል፤ ከ3 እስከ 9 «የልጅ» ቲኬት አለ፣ ከአዋቂው የሚቀንሰው ግን ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። የአንድ ቀን ዋጋ እንደ ቀኑ ከ120 ዶላር አካባቢ ተነስቶ በገና ሰሞን 200 አካባቢ ይደርሳል። ቀን በተጨመረ ቁጥር የየቀኑ ድርሻ ይወርዳል፣ ችግሩ የልጅ እግር ከቲኬቱ ቀድሞ ማለቁ ነው። ከአራቱ ፓርኮች ለትንንሽ ልጆች የሚበቁት ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም ናቸው። በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ ለመዘዋወር የሚከፈለው ጭማሪ ሕፃን ላለው ሰው የጠፋ ገንዘብ ነው።

ማጂክ ኪንግደም በ3 ሰዓት ይከፈታል ሲባል በ3 ሰዓት መኪና ማቆም ማለት አይደለም። ከፍለው የሚያቆሙበት ቦታ ከሐይቁ ማዶ ነው። ከመኪናው እስከ መሳፈሪያው በእግር ወይም በትራም፣ ከዚያ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ይሻገራሉ፣ ፍተሻም አለ። ከ45 ደቂቃ በታች አያስቡት። ጀልባውም ሞኖሬሉም ላይ ጋሪ ሳይታጠፍ ይገባል። የዲዝኒ ሆቴል ያደሩ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ፤ ለክፍሉ የሚከፈለው ጭማሪ ትርጉም የሚኖረው በጠዋት ለሚነሳ ቤተሰብ ብቻ ነው።

የጋሪው ስፋት ከ31 ኢንች፣ ርዝመቱ ከ52 ኢንች መብለጥ የለበትም። በእጅ የሚጎተቱት ባለ አራት ጎማ ዋገኖች ጨርሶ አይገቡም፤ በር ላይ ሲመለሱ አይተናል። ጋሪ የሚቆመው ከየመጫወቻው ውጭ ነው፣ ሠራተኞቹም ቦታ ለማስተካከል ያንቀሳቅሱታል። ሲወጡ በመቶ ከሚቆጠሩ ጥቁር ጋሪዎች መሀል የራስን መፈለግ ነው። እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ ይታሰር። እኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አሰርን፤ ባለቤቴ «እዚህም ሰንደቅ?» ብሎ ሳቀ፣ ጋሪው ግን አንድም ጊዜ አልጠፋብንም።

ከዕድሜ ይልቅ የሚያስለቅሰው ቁመት ነው። ባርንስቶርመር የምትባለው የሕፃናት ሮለር ኮስተር 89 ሳንቲ ሜትር ትጠይቃለች፣ የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር 97፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122። የሚለኩት ከነጫማ ነው። ስለዚህ ልጁን ፓርክ በሚለብሰው ጫማ እቤት መለካት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ከጎደለው ስሙንም አለማንሳት። በር ላይ ቁመት የሚለካው ሠራተኛ አይለመንም፣ ደግሞም ልክ ነው።

አንዱ ልጅ ደርሶ ሌላው ካልደረሰ «ራይደር ስዊች» አለ፣ ክፍያ የለውም። መላው ቤተሰብ በሩ ላይ ሄዶ ለሠራተኛው ይነግራል፣ ቲኬቱ ይመዘገባል። አንዱ ወላጅ ትልቁን ልጅ ይዞ ይሰለፋል፤ ሌላው ከትንሹ ጋር ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ሲመለሱ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛው ወላጅ ረጅሙን ወረፋ ሳይቆም በአጭሩ መስመር ይገባል፣ ትልቁንም ልጅ ይዞ መግባት ይችላል። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሁሉን ሁለት ሁለት ጊዜ ወጣች ማለት ነው። ትንሹን መጀመሪያ ሳያሳዩ ከሄዱ ግን አይሠራም።

በገንዘብ ወረፋ የሚያሳጥረው «ላይትኒንግ ሌን» ዋጋው በየቀኑ ይለያያል፣ የሚቆጠረውም በሰው ነው። ዳምቦንና የሻይ ስኒዎቹን የመሳሰሉ የሕፃናት መጫወቻዎችን ለሚወድ ልጅ በመጀመሪያው ሰዓት መግባት ይበቃል። ፒተር ፓን የተባለው መጫወቻ ጋ ግን ወረፋው በቀትር ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ ጉዞው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ወይ በጠዋት፣ ወይ ተውት።

ከ6 ሰዓት በኋላ ፓርኩ የልጅ ቦታ አይደለም። በ9 እና በ10 ሰዓት መሀል ብዙ ጊዜ ዝናብ አለ። መብረቅ ሲቃረብ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ሁሉ ይቆማሉ፣ ሰዉም ጣሪያ ወዳለበት ይጎርፋል። ዶፉ በወረደበት ቀን፣ አማርኛችንን የሰማች ከአትላንታ የመጣች እናት «እህቴ፣ ይቺን ላስቲክ ለልጁ አልብሺው፣ እኛ እየወጣን ነው» ብላ የዝናብ ልብሷን ሰጠችን። ስሟን ሳንጠይቃት በሰው መሀል ጠፋች። የሚሻለው በ6 ተኩል ወጥቶ፣ ገንዳና እንቅልፍ፣ ከዚያ በ11 ሰዓት መመለስ ነው። የመኪና ማቆሚያው ክፍያ ለቀኑ በሙሉ ስለሚሠራ ሁለተኛ አይከፈልም።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የተከለከለው አልኮልና የመስታወት ዕቃ ነው፣ የሕፃን ምግብ ጠርሙስ ሲቀር። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በሙቀት ስለማይበላሹ ከሳንድዊች ይሻላሉ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በረዶ የገባበት ውሃ በነጻ ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ለጿሚ፣ ከ2019 ጀምሮ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራው ምግብ ሜኑው ላይ የቅጠል ምልክት አለው። የአናናስ ዶል ዊፕ ወተት የለበትም፤ ከቫኒላ ጋር ተቀላቅሎ ከታዘዘ ግን ይገባበታል፣ ስለዚህ «አናናስ ብቻ» ማለት።

የሕፃን እናት ሁሉ ማወቅ ያለባት ቤት በየፓርኩ አለ፤ ቤቢ ኬር ሴንተር ይባላል። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ በዋናው መንገድ መጨረሻ፣ ክሪስታል ፓላስ ምግብ ቤት አጠገብ ነው። ማጥቢያ ክፍል፣ መቀየሪያ ጠረጴዛ፣ ማይክሮዌቭና ከፍ ያለ የልጅ ወንበር አለው፣ ቀዝቃዛም ነው። የጠፋ ልጅም የሚወሰደው ወደዚያ ነው። ሌላው መጸዳጃ ቤት በራሱ ጊዜ ውሃ ይለቅቃል፤ ትንንሾቹ ደንግጠው ዳግም አልቀመጥም ይላሉ። ተለጣፊ ወረቀት ይዞ ሴንሰሩ ላይ መለጠፍ፣ ልጁ ሲነሳ ማንሳት።

አኒማል ኪንግደም በጠዋት ነው። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ የቁመት ገደብ የለውም፤ ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ይዞራሉ፣ እንስሳቱም ፀሐይ ሳይበረታ ይንቀሳቀሳሉ። ቀጭኔ ለመኪናው መንገድ አልለቅም ብላ ቆማ ነበር። እኔ የማውቀው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ነው፤ ልጆቼ ቀጭኔን ያለ አጥር ሲያዩ ምን እንደሚገርመኝ አልገባቸውም። አጠገቡ ያለው የአፍሪካ መንደር ግድግዳው ሆን ተብሎ እንዲላላጥ፣ ቀለሙ እንዲደበዝዝ ተደርጎ ተሠርቷል። እናቴ ብታየው ቀለም ቀቢ ትጠራ ነበር።

የማጂክ ኪንግደም የማታ ርችት ያምራል፣ ለትንሽ ጆሮ ግን ይከብዳል፤ የጆሮ መሸፈኛ ከቤት ይያዝ። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባና ሞኖሬል ይሄዳል። ሁለት ምርጫ አለ፦ ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ከማዶ ከሐይቁ ዳር ማየት፣ ወይም ካለቀ በኋላ ፓርኩ ውስጥ 40 ደቂቃ መቆየት። ልጅ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ፤ ከማዶው መኪናው ቅርብ ነው፣ ድምፁም ለዘብ ይላል።