የአርበኞቹን መቃብር ስናጥብ

ለፋሲካ ቡልጋ፣ እናቴ አገር ነበርኩ። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ የአርበኞቹን መቃብር ሊያድስ ብር እያሰባሰበ ነው። ካዋጣሁ አይቀር ሥራውንም ልየው ብዬ ጥቂት ቀን ቆየሁ።

ቡልጋ በጣሊያን ጊዜ እፎይ ያለ አገር አይደለም። አበበ አረጋይ የሸዋን አርበኞች የመሩት እዚህና በአካባቢው ነው። የወደቀውን ጓደኞቹ በሌሊት አምጥተው ደብሩ ግቢ ይቀብሩት ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ስለ ሐውልት ማን ያስባል! አብዛኛው መቃብር የድንጋይ ክምር ነው። ጽሑፍ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ከ1933 በኋላ ዘመድ ነው ያቆመው።

ሊያጸዳው የመጣው ልጅ ሽቦ ቡርሽና አሲድ ይዟል። ኧረ በሕግ! ለስላሳ ድንጋይ በሽቦ ከተፋቀ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ ትዕግሥት ካለ። ለማንበብ ደግሞ በጠዋት መምጣት ነው። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የጠፋ የመሰለው ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል። መሪጌታ በጣታቸው እየተከተሉ «ለአገሩ ሲዋጋ በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.» የሚለውን አነበቡልን። ከስሙ ላይ ግን ፊደል ተሸርፏል። አሁን ሁለት ቤተሰብ የእኛ ነው ይላል።

ለሌሎቹ ምን ይጻፍ? ቄሱ የሚያውቁት በክርስትና ስም ነው፣ ለፍትሐት። አሮጊቶቹ የሚያስታውሱት ሙሾ ላይ በቀረው የፈረስ ስም ነው፣ አባ እገሌ እየተባለ። የቤት ስሙ ሌላ። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሊሆን ምንም አይቀረው። እኔ ሦስቱም ይጻፍ ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የእንግሊዝ ጦር መቃብር ሳይ ሁሌም እቀናለሁ። የሚንከባከበው በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። መኮንንም ይሁን ተራ ወታደር ድንጋዩ እኩል ነው። ስሙ ላልታወቀውም ይቆምለታል። እኛ ጋ ግን ክምሩን በሴራሚክ እንሸፍነው የሚል አለ። የለጋሾች ስም በእምነ በረድ ይቀረጽ የሚልም አልጠፋም። የሟቾቹን ሳንጽፍ!

አጥሩ ጥግ ያለው መቃብር ደግሞ የባንዳ ነው ይባላል። እሱን እንዳትነኩት አሉ አንዳንዶቹ። ቄሱ «ተፈትቶ የተቀበረ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። የእኔም ንዴት ለሕያው ባንዳ ነው እንጂ ሰማንያ ዓመት ለተኛ አጥንት አይበቃም። አረሙን ነቀልኩለት። አጎቴ እስከ ማታ አላናገረኝም።