የኤርፎን ገመድ ስቀይር ድምፁ ተቀየረ?

ገመዱ የሚነቀል ኤርፎን የያዘ ሰው ይህን ወሬ መስማቱ አይቀርም፦ «የብር ሽቦ አድርግበት፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይከፈታል። መዳብ ከሆነ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይወፍራል።» የኔ ገመድ ጃኩ (ማጫወቻው ላይ የሚሰካው ጫፍ) ጋ መቆራረጥ ሲጀምር ርካሽ የመዳብ ገመድ ገዛሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በብር የተለበጠ ውድ ገመድ ነበረው፤ ተዋስኩት። ወሬውን በቴስተርም በጆሮም ልፈትሸው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ቴስተሩን ኦም (ሽቦ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚገታ መለኪያ) ላይ አድርጌ የራሱን ሁለት ጫፎች አነካካሁ። የቴስተሩ ሽቦ የራሱ ኦም ስላለው እሱ ካልተቀነሰ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ አንዱን ጫፍ ጃኩ ላይ፣ ሌላውን ኤርፎኑ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ፒን ላይ ያዝኩ። ሁለቱም ገመዶች፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ ከግማሽ ኦም በታች ሆኑ። 16 ኦም ኤርፎን ላይ 0.3 ኦም ገመድ ድምፁን የሚቀንሰው በ0.16 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው። ይህን ሙዚቃ እየሰሙ መለየት አይቻልም። ብር ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ መዳብን ይበልጣል፣ እውነት ነው። ግን ብልጫው 6 በመቶ ገደማ ስለሆነ ትንሽ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ያካክሰዋል።

ማዳመጡ ላይ ጓደኛዬን አስቸገርኩት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሱ ይቀያይራል፤ አንዳንዴም የነቀለውን ያንኑ መልሶ ይሰካል። በክብደቱ እንዳላውቀው ገመዱን ከትከሻዬ በላይ ይዞልኝ ነበር። የመረጥኩት የመሲንቆ ሙዚቃ ነው፣ ጭራው ክሩን ሲፈትግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ትሬብልን ቶሎ ያጋልጣል። መልሴ ዘውድ ወይስ ጎፈር ከማለት አልተለየም።

ገመድ ድምፅ የሚቀይርበት ጊዜ ግን አለ። ኤቲሞቲክ ኢአር-4ፒ የተባለውን ኤርፎን ወደ ኢአር-4ኤስ የሚለውጠው 75 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ቁራጭ) ያለበት ገመድ ነው፤ ትሬብሉ በግልጽ ጎላ ይላል። 75 ኦምና 0.3 ኦም ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ከ3.5 ወደ 4.4 ሚሊሜትር ባላንስድ ጃክ (ግራና ቀኙ የየራሱ መሄጃና መመለሻ ያለው) የሚሄድ ሰውም ለውጥ ይሰማል። ብዙ ማጫወቻዎች በዚያ በኩል እስከ እጥፍ ቮልቴጅ ስለሚሰጡ ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን ያሳመረ ይመስለዋል። ስለዚህ የድምፁን መጠን እኩል ሳያደርጉ ማወዳደር ፍርድ ያዛባል። ሌላው ባለሁለት ፒን ገመድ ላይ አንዱ ጎን ተገልብጦ ሲሰካ ነው። ቤዙ ይሳሳል፣ የዘፋኙ ድምፅም መሃል መቆሙ ቀርቶ ይበተናል። አዲስ ገመድ ሰክቶ «ድምፁ ሰፋ» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ይይ።

አሁን የምጠቀመው የመዳቡን ነው። ለስላሳ ስለሆነ ልብስ ሲነካ ኮሽታው ጆሮ ውስጥ አይገባም። ለውድ ገመድ ላወጣ የነበረውን ብር ትንሹን ቆርሼ በተለያየ ልክ የጆሮ ጎማ ገዛሁ። ትክክለኛው ልክ ጆሮዬን ሲደፍን የመጣውን ቤዝ ያህል ከየትኛውም ገመድ አላገኘሁም።